ኢድሪስን ለማምጣት ወደ አሶሳ

የደብረ ብርሃን ጠባሴ ጎረቤቶቼ ከመንገድ ስመለስ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ "ምን በላህ?" ነው። ቀጥሎ "ብርድ አለ?" ይላሉ። ለደብረ ብርሃን ሰው አገር ማለት ከእኛ የሚበርድና ከእኛ የማይበርድ ተብሎ ይከፈላል፤ የመጀመሪያውን ዓይነት እስካሁን ያገኘ የለም። ይህን የምጽፈው አሶሳን አይተው ለማያውቁት ለእነሱ ነው። ብዙዎቹም አያዩትም፤ ከጠባሴ ወጥቶ አዲስ አበባ ማደር ለእነሱ ስደት ነው።

ማክሰኞ

በጥር ጠባሴ ደጅ ያደረ ባልዲ ጠዋት በመዶሻ ነው የሚከፈተው። ባለቤቴ በሩ ድረስ ሸኝታኝ "ማንጎ ሳትይዝ እንዳትመጣ" አለችኝ። መኪናው ሲነሳ ሜዳው በውርጭ ነጥቶ፣ በጎቹ ከሩቅ ካልተንቀሳቀሱ በቀር ከመሬቱ አይለዩም ነበር። አዲስ አበባ ደርሼ በቀጥታ ወደ ቦሌ ሄድኩ።

እኔ የእግር ኳስ ቡድን ወጌሻ ነኝ። ስሙን የማልጠራው አንድ የአዲስ አበባ ክለብ ውስጥ የተጫዋች ጡንቻ አሻለሁ፣ ቁርጭምጭሚት አስራለሁ፣ በጨዋታ መሃል በረዶ ይዤ እሮጣለሁ። ወደ አሶሳ የላከኝ የክለቡ ሥራ አስኪያጅ አቶ ፍሬው ነው። ኢድሪስ የሚባል የግራ መስመር ተከላካያችን ውሉ በውድድሩ አጋማሽ አልቆ አገሩ ገብቷል፤ መንደሩ ኔትወርክ ስለሌለው ስልኩም አይሠራም። ከወደ ሰሜን ስዊድን የአንዲት ትንሽ ከተማ ክለብ ፈልጎታል። ቪዛው ተመትቷል፣ ትኬቱ ተቆርጧል፣ አውሮፕላኑ ዓርብ ማታ ይነሳል። ካልሄደ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። ዕድሜው ሃያ ስድስት ነው፤ በእኛ ሙያ ለሃያ ስድስት ዓመት ተከላካይ እንዲህ ዓይነት ጥሪ ሁለተኛ አይመጣም።

"ጋሽ ሽመልስ፣ አንተን ይሰማል" አለኝ አቶ ፍሬው። "ሳያመልጠን ሄደህ አምጣው። ቋሚ ተሰላፊ ነህ በለው።"

"ነው እንዴ?"

"አንተ በለው ብቻ።"

እንዳልሆነ አውቃለሁ። አሰልጣኛችን ፋሻ ሊወስድ ክፍሌ በገባበት ቀን አዲስ የግራ ተከላካይ መፈረሙን ነግሮኛል። ኢድሪስ የሚፈለገው አዲሱ ቢጎዳ እንዲኖር፣ ደግሞም ሌላ ክለብ እንዳይወስደው ነው። ባለፈው ዓመት እንኳ ከሜዳው ይልቅ የተጠባባቂውን ወንበር ነው ያሞቀው። እሱ ግን ዘንድሮ ይሻላል ብሎ ተስፋ አድርጓል፤ "ቋሚ ነህ" ብለው አምኖኝ ይቀራል።

በአውሮፕላኑ መስኮት ቁልቁል እያየሁ ይህን አመነዥግ ነበር። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ፤ የተጫዋችን ሆድ የሚያወጣው ግን ማሻሻ አልጋ ነው። በእጄ ስር ተኝተው ለምን ከአገር እንደሚወጡ፣ ለምን እንደሚቀሩ ስንቶቹ ነግረውኛል። አንዱ ለደሞዝ ብሎ ይሄዳል። አንዱ እናቱ ብቻዋን ናት ብሎ ይቀራል። አንዱ ብሔራዊ ቡድን ይረሳኛል ብሎ ይፈራል፣ አንዱ ደግሞ ከአሰልጣኙ ጋር ዓይን ለዓይን መተያየት ስላቃተው ብቻ ውቅያኖስ ያቋርጣል። ከታች ተራራው እያነሰ፣ እየለሰለሰ ሄደ፤ ከዚያ ከጭስና ከጉም ያልለየሁት ነገር ሁሉን ሸፈነው። ሳልነቃ የደረስኩ መሰለኝ።

አሶሳ ሙቀቱ በሩ ላይ ቆሞ ነው የሚቀበለው። ከወረድኩ በኋላ ቦርሳዬ ተንጠባጠበ፤ የማሻሻ ዘይቴ ክዳኑ ተከፍቶ ሸሚዞቼ ሁሉ ተነክረዋል። በባጃጅ የወሰደኝ ልጅ መንገዱን ሙሉ የዘይቱን ሽታ በአፍንጫው እየሳበ "ጋሼ፣ አሞሃል?" ይለኝ ነበር።

ያረፍኩበት ፔንሲዮን ባለቤት እትዬ ሰዓዳ ትባላለች፤ በልጅነቷ ወላጆቿ በሰፈራ ከወሎ ያመጧት፣ አሶሳ ተድራ አሶሳ የወለደች ሴት ናት። አነጋገሯ ግን ዛሬም ከወሎ አልወጣም። ቦርሳዬን ከእጄ ነጥቃ "አብሽር የኔ ወንድም፣ እኔ አለሁ" አለችና ልብሴን በሁለት ሳፋ አጥባ የቀርከሃ አጥር ላይ ሰቀለችው። ግቢው በሙሉ ሜንታ ሜንታ ሸተተ። እራት ፉል በዳቦ ሰጠችኝና ከቀይ አበባ የተዘፈዘፈ ቀዝቃዛ ከርከዴ አስከተለች። ማንጎ ብጠይቃት ደረቷን ይዛ ሳቀች።

"ያረቢ! በጥር ማንጎ? አበባ ነው እንጂ ያለው። አበባ ልስጥህ?"

ዛፎቹ በእርግጥ ከላይ እስከ ታች አብበው ነበር። እቤቴ በሦስት ብርድ ልብስ የምተኛው ሰው እዚህ በአንድ አንሶላ፣ እሱንም በእግሬ ገፍቼ ተኛሁ።

ረቡዕ

የኢድሪስ መንደር ከሆሞሻ ከተማ ትንሽ ገባ ይላል። ወደ ሸርቆሌ በሚሄደው ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ውስጡ በደማቅ ቶብ የተጠቀለሉ ሴቶች፣ ወደ ሸርቆሌው የስደተኞች ጣቢያ የሚመለሱ ሰዎች፣ የማሽላ ጆንያ፣ አንድ ዶሮ። በእኛ አገር ታክሲ ውስጥ ብርዱ ያፋቅራል፤ ሰው ተጠጋግቶ ይቀመጣል። እዚህ ሁሉም እጁን በመስኮት አውጥቶ ነፋስ ይቀዳል።

ግማሽ መንገድ ላይ ጎማው ፈነዳ። ሾፌሩ ወርዶ አየና "ጎማ ሞተ" አለ በአጭሩ። ሁላችንም ዛፍ ሥር ተቀመጥን። ከጎኔ የነበረችው ሴትዮ መሃረቧን ፈትታ የተቆላ ለውዝ እፍኝ ሙሉ ሰጠችኝ። አማርኛ አትችልም፣ እኔ የአገሩን ቋንቋ በርታኛን አልችልም፤ ስጨርስ ግን እንደገና ሞላችልኝ።

ሣር የሚቃጠልበት ወቅት ነው። ጭሱ ከሩቅ ኮረብታ ላይ ተኝቷል፣ ፀሐይዋ በውስጡ ቀልታ እንደ ብርቱካን ትታያለች። ከሰማይ ጥቁር የሣር አመድ ቀስ እያለ፣ እየተሽከረከረ ይወርዳል፤ በሴቶቹ ትከሻ ላይ፣ በጉልበቴ ላይ ያርፋል። ድምፅ የለውም። ስነካው ይጠፋል። እዚያ ዛፍ ሥር ምን ያህል እንደተቀመጥን አላውቅም፤ ማንም የቸኮለ አልነበረም፣ እኔም ለምን እንደመጣሁ ለጥቂት ጊዜ ረሳሁት።

ኢድሪስን ያገኘሁት ከአጎቱ ጋር አንድ ረጅም መለከት ሲጠግን ነው። ከቀርከሃና ከአፍ ለአፍ ከተሰካኩ ቅሎች የተሠራ፣ ከሰው ቁመት የማያንስ ነገር ነው፤ ዙምባራ ይሉታል። በተሰነጠቀው በኩል ሰም እያቀለጡ ያፈሱበታል። ኢድሪስ ቀና ብሎ ሲያየኝ ሰሙ እጁ ላይ ፈሰሰ።

"ጋሼ! አንተ ነህ ወይስ ጅኒ?"

አባቱ በልጅነቱ ስለሞተ ያሳደገው አጎቱ ባበክር ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጉልበቱን እያሸ የሚራመድ ሽማግሌ። እጄን በሁለት እጁ ይዞ አልለቅ አለኝ።

"መርሐባ፣ መርሐባ። አንተ ኢድሪስ ሊወስድ መጣ?"

"ልጠይቀው ነው የመጣሁት" አልኩ።

"መጀመሪያ ብላ። ጥያቄ ሆድ ባዶ ጥሩ አይደለም።"

የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ ቀረበ። ባሚያው ከእጄ እየሾለከ ሦስት ጊዜ ሱሪዬ ላይ ወደቀ። ሸሚዜ በዘይት፣ ሱሪዬ በባሚያ፤ የወሰድኩት ልብስ ሁሉ አሶሳን ቀመሰ። ከምግቡ በኋላ የሽማግሌውን ጉልበት አሸሁለት። ዓይኑን ጨፍኖ በበርታኛ አንድ ነገር አለ። ኢድሪስ ሲተረጉምልኝ "ይህ ሰውዬ እዚሁ ይቅር፣ አንተ ሂድ እያለ ነው" አለኝ።

ወደ ማታው ከኢድሪስ ጋር ደጅ ተቀመጥን። የአቶ ፍሬውን መልእክት ገና አልነገርኩትም። እሱ የሚጠይቀኝ ስለ ውርጭ ነው።

"ያማል እንዴ ጋሼ?"

ላስፈራራው እችል ነበር፤ አቶ ፍሬውንም ደስ ይለው ነበር። ግን ስለ ውርጭ መዋሸት ለጠባሴ ሰው ነውር ነው። "መጀመሪያ ጆሮህን ታጣዋለህ" አልኩት። "ከዚያ ትለምደዋለህ። ጠዋት ሜዳው ሁሉ ነጭ ሆኖ ስትረግጠው ቀስ ብሎ ይንኮሻኮሻል። ያምራል።"

ስልኩን አውጥቶ በስዊድኑ ክለብ ከተማ የተቀረጸ፣ ቀድሞ የተላከለትን ቪዲዮ አሳየኝ። ሰዎች በጫማቸው ስለት በረዶ ላይ እየተንሸራተቱ፣ በቆልማማ ዱላ ጥቁር ነገር ያሳድዳሉ፤ ይጋጫሉ፣ ይወድቃሉ።

"ይሄማ ገና ነው!" አልኩ። "የእኛው ገና፣ በረዶ ላይ!"

"ከኳስ ይልቅ ይህን ነው የሚወዱት። ሆኪ ይሉታል። ይሄ ቀዩ አሜሪካዊ ነው።" በጣቱ አንድ ግዙፍ ሰው ነካ። "ወኪሌ ነው የነገረኝ። የዓለም ትልቁ ሊግ ያለው እነሱ አገር ነው፤ እሱ ግን እዚያ ወንበር ላይ ከመቀመጥ ብሎ ባሕር ተሻግሮ ትንሽ ከተማ መጣ። አብዛኛው እንዲህ ነው አለኝ። አንዳንዱ ደግሞ ትልቁ ሊግ ጠርዝ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ነገ ይጠሩኛል እያለ ያረጃል።"

ሰውዬው ከአንዱ ጋር ተጋጭቶ ወደቀ፤ ተነሥቶም ያንኑ ሰው ጀርባውን መታ መታ አድርጎ ሄደ። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ማለት ይሄ ነው።

"አንተስ?" አልኩት።

"እኔማ..." ብሎ ቪዲዮውን ዘጋው። "ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም ጋሼ። ነገ ዙምባራው ይወጣል፤ ከዚያ እናወራለን።"

ሐሙስ

አዝመራው ገብቷል። በዚህ ጊዜ ዙምባራዎቹ ከተሰቀሉበት ወርደው መንደሩ ይነፋል። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል፣ ከዓስር ሶላት በኋላ ሰዎቹ ሜዳው ላይ ተሰለፉ፤ ትልቁ መለከት በአንድ ጫፍ፣ ትንሹ በሌላው። ኢድሪስ ሥርዓቱን አስረዳኝ። እያንዳንዱ መለከት አንድ ድምፅ ብቻ ነው ያለው፣ ያም ሰው ያንን አንድ ድምፅ ብቻ በተራው ይነፋል። ዜማውን ብቻውን የያዘ ሰው የለም። አንዱ ቢቀር ዜማው እዚያ ቦታ ላይ ይሰበራል። የኢድሪስ መለከት የአባቱ ነበር።

ባበክር ይህንኑ መለከት በሁለት እጁ አግድም ይዞ በሰልፉ ፊት ከሰው ወደ ሰው መሄድ ጀመረ፤ በእያንዳንዱ ፊት ቆሞ በበርታኛ አንድ ነገር ይላል። ሰዎቹ ሁሉ እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው መሬት ያያሉ። እኔ በሰልፉ መጨረሻ ላይ ቆሜ ነበር። ሽማግሌው እኔ ጋ ደርሶ ቆም አለ፤ ምናልባት ወደ ኋላ ሊዞር ነበር። እኛ አገር ሽማግሌ ነገር ዘርግቶ ፊትህ ሲቆም በሁለት እጅ ጎንበስ ብለህ መቀበል ነው። ተቀበልኩ።

ሴቶቹ እልል አሉ። ሰልፈኞቹ ጮኹ። ኢድሪስ ሆዱን ይዞ መሬት ላይ ተንከባለለ።

"ጋሼ፣ ተቀበልክ እኮ!"

"ምኑን?"

"ቦታዬን! 'ኢድሪስ ከሄደ ማን ይይዝለታል?' ብሎ ነው የሚጠይቀው። ማንም አይቀበልም፤ የተቀበለ ግን ይነፋል።"

መልሼ ልሰጥ ብል ባበክር እጁን አወዛወዘ። "ተቀበለ፣ ይነፋል። ለዛሬ አንተ ነው።"

ጀመሩ። ትልቁ መለከት ከሩቅ በረት እንደሚሰማ የላም ድምፅ ነው፤ ሌሎቹ ከላዩ እየተቀባበሉ ይሄዳሉ። የእኔ ተራ ደረሰ፤ አየሁት፣ አለፈ። ሁለተኛም አለፈ። ሦስተኛው ላይ የነፋሁት ከሌላው ሰው ጋር ተላተመ። ዜማው በመጣ ቁጥር እኔ ጋ ሲደርስ ይደናቀፋል፣ ሕፃናቱ ይስቃሉ። ያኔ ኢድሪስ ተነሥቶ ከኋላዬ ቆመ፣ ተራዬ ሲደርስ ትከሻዬን መታ አደረገኝ። ነፋሁ። መታ፣ ነፋሁ። ቆየት ብሎ እጁን ቢያነሳም አላወቅኩም። ጭሱ፣ ቀይ ፀሐይ፣ የሚዞረው ሰልፍ፣ ከእኔ ወጥቶ ወደ ሰው የሚያልፈው አንድ ድምፅ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ያስፈለግሁ አይመስለኝም። ስንጨርስ ከንፈሬ አብጦ፣ ዓይኔ እንባ ሞልቶ ነበር። አላፈርኩበትም።

ውሃ ዳር ሄደን ፊታችንን ስንታጠብ ኢድሪስ ቀና ሳይል ጠየቀኝ።

"ጋሼ፣ አቶ ፍሬው ምን በለው አለህ?"

"ቋሚ ነህ በለው አለኝ።"

"እጫወታለሁ?"

ውሃው ከእጄ እስኪያልቅ ተንጠባጠበ። ክለቤ ነው፣ እንጀራዬ ነው። ልጁ ግን ያን አንድ ቃል ተደግፎ ሊቀር ነው።

"አትጫወትም" አልኩት። "ሌላ ሰው አስፈርመዋል። አንተን የሚፈልጉህ እንድትቀመጥ ነው።"

ለረጅም ጊዜ ፊቱን መታጠቡን ቀጠለ። ከዚያ "እሺ" አለ ብቻ። በዚያ "እሺ" ውስጥ ያለው ቅሬታ በእኔ ላይ ይሁን በክለቡ ላይ መለየት አቃተኝ።

ለባበክር ወደ ስዊድን እንደሚሄድ የነገረው በዚያው ምሽት ነው። ሽማግሌው መለከቱን ከእጄ ወስዶ በጨርቅ ጠረገው። እኔም ለማጽናናት ብዬ "ከወንዶቹ አንዱ ይለምደዋል አባባ" አልኩ።

"አይ። አንተ እንግዳ ነው፣ ዛሬ በቃ። ሌላ ሰው አናስገባም።" መለከቱን ግድግዳው ላይ ሰቀለው። "ቦታው ክፍት ይሆናል። እኛ ስንነፋ እዚያ ጋ ዝም እንላለን። ሰው ሲሰማ፣ እዚህ ኢድሪስ አለ ይላል።"

ኢድሪስ ተነሥቶ ወጣ። አልተከተልኩትም።

ዓርብ

ባበክር እስከ አስፋልቱ በዚያ ጉልበቱ ሸኘን። ሚኒባሱ እስኪመጣ ስለ ማሽላና ስለ ዝናብ ብቻ ነበር የሚያወራው። ሲመጣ የኢድሪስን ጭንቅላት ይዞ ግንባሩን በግንባሩ ነካና ቶሎ ፊቱን አዞረ። ሚኒባሱ ያለምንም ብልሽት አሶሳ ገባ፤ በዚያን ቀን ጎማ ቢፈነዳ ደስ ይለኝ ነበር።

እትዬ ሰዓዳ ልብሴን አጣጥፋ ጠበቀችኝ። ሽታው አሁንም አልለቀቀም። "የሚያድረው እንግዳ ሁሉ ማን ታሞ ነው ሲለኝ ሰነበተ" አለችኝ። ለመንገድ የተቆላ ለውዝ በጋዜጣ ጠቀለለችልን፤ የአልጋዬን ሒሳብ ስከፍላት ለኢድሪስ የምትለው ነበራት። "አንተ ልጅ፣ የሰው አገር ገብተህ የሚበላ ሲሰጡህ አልፈልግም እንዳትል። አብሽር።" እኔ ዕቃዬን ሳስተካክል ኢድሪስ ስልኩን ይዞ ወደ አጥሩ ጥግ ሄደ። በእንግሊዝኛ ሲናገር፣ ዝም ሲል፣ እንደገና ሲናገር ከሩቅ ሰማሁት። አልጠየቅኩትም።

በአውሮፕላኑ ጎን ለጎን ተቀመጥን። እሱ በመስኮቱ በኩል ነበር። ጭሱ ከታች እንደ ስስ ነጠላ ተዘርግቶ አገሩን ሸፈነው፤ እሱም ግንባሩን መስታወቱ ላይ አሳርፎ እስኪጠፋ ድረስ አየው። ለውዙን አልነካውም።

ቦሌ ወርደን የአገር ውስጥ መንገደኞች የሚወጡበትና ወደ ውጭ አገር የሚሄዱት የሚገቡበት መንገድ የሚለያይበት ላይ ቆምን። አንድ ቦርሳ ብቻ ነው የያዘው።

"ጠዋት የስዊድኑ አሰልጣኝ ጋ ደወልኩ" አለኝ። "አንተን የጠየቅኩህን ጠየቅኩት። እጫወታለሁ ወይ? አልኩት።"

"ምን አለህ?"

"'አላውቅም' አለኝ። 'መጥተህ አሳየን' አለኝ።"

ፈገግ አለ። ከሐሙስ ወዲህ ሲፈግግ ያየሁት ያኔ ነው። ልክ እንደ አጎቱ ግንባሬን በግንባሩ ነክቶ ሄደ፤ እኔም በሕዝቡ መሃል ቦርሳው እስኪሰወር ቆምኩ።

አቶ ፍሬው መኪናውን ደጅ አቁሞ ይጠብቀኝ ነበር። ከኋላዬ አየ፣ እንደገና አየ።

"የታለ?"

"እስከዚህ አብረን መጣን። እዚያ ማዶ ገባ።"

ፊቱ ጠቆረ። በሩን ሳይከፍትልኝ "ምን ሰጡት?" አለኝ። "እኛ የማንሰጠው ምን ሰጡት?"

"ትጫወት እንደሆነ አናውቅም፣ መጥተህ አሳየን አሉት።"

የቀለድኩበት መስሎት አፍጥጦ አየኝ። ቆይቶ ቁጣው ከፊቱ ላይ ቀስ እያለ ወረደ፤ እሱም በጊዜው ተጫዋች ነበር።

"በዚህ ቃል ብቻ ሄደ?"

"በዚህ ቃል ሄደ" አልኩት።